ተመርቀው የት ደረሱ?

ሰኔ 30 የመንግሥት በጀት ዓመት ይዘጋል። ከዚያ በፊት ባሉት ሳምንታት በየዞኑና በየከተማው አንድ ዓይነት ስብሰባ ይደረጋል። ፕሮጀክተር ይበራል፣ ፓወር ፖይንት ይከፈታል፣ አንድ ሰው ማይክሮፎን ይዞ «ዕቅድ፣ ክንውን፣ በመቶኛ» እያለ ያነባል። ቴክኒክና ሙያ ኮሌጆችም ተራቸው ሲደርስ ያነባሉ። በመደበኛው ይህን ያህል፣ በአጫጭር ሥልጠና ይህን ያህል፣ ለምዘና የቀረቡ፣ የበቁ፣ የተሸጋገሩ ቴክኖሎጂዎች፣ ድጋፍ የተደረገላቸው ኢንተርፕራይዞች። ጭብጨባ፣ ሻይ ቡና፣ ፎቶ። ፎቶው በማግስቱ ፌስቡክ ላይ ይወጣል፤ እናንተም በአውራ ጣታችሁ ገፋ አድርጋችሁ ታልፉታላችሁ።

አንፈርድባችሁም። እኛም ብዙ ጊዜ እናልፈዋለን። ዛሬ ግን እዚያ ፎቶ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ምክንያቱም ፎቶው ውስጥ ጋዋን ለብሰው የቆሙት ልጆች በሚቀጥለው ዓመት የት እንደሚገኙ የሚነግረን ስላይድ አላየንም።

ሞጣን እንውሰድ። ለማታውቋት፣ ሞጣ ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ፣ ከደጀን ተነስቶ በቢቸና በኩል ወደ ባሕር ዳር በሚዘልቀው መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት። ከባሕር ዳር ወደ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ዙሪያዋ ሁለት እጁ እነሴ ወረዳ ነው፤ ደጋው ጤፍና ስንዴ፣ ወረድ ሲሉ ደግሞ የዓባይ በረሃ። ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ አላት፤ ቢቸናም አላት። ትልቅ ፋብሪካ ግን በአጠገባቸው የለም። አዲስ አበባ ወይም ኮምቦልቻ ያለ ኮሌጅ ሠልጣኞቹን ለልምምድ ወደ ፋብሪካ መላክ ይችላል። የሞጣ ኮሌጅ የሚልካቸው ወደ ብየዳ ቤቱ፣ ወደ ጋራዡ፣ ወደ ወፍጮ ቤቱ፣ ወደ እንጨት ሥራው፣ ወደ ሕንፃ ግንባታው ነው። ስለዚህ የሞጣን ዓይነት ኮሌጅ ዓመት የሚሞላው ወይም የሚያጎድለው ከተማው ራሱ ነው። የምንለውም ከዚህ ይነሳል፤ የእንዲህ ያለ ኮሌጅ ዓመት መለካት ያለበት ባስመረቀው ቁጥር ሳይሆን ተመራቂው ከከተማው ጋር በገጠመው ሥራ ነው።

ነገሩ ለምን አንገብጋቢ ሆነ? የ12ኛ ክፍልን ቁጥር እናስታውስ። ፈተናው በየዩኒቨርሲቲው መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ነበሩ። እየተሻለ ነው፤ እሰየው። ግን በተሻለው ዓመት እንኳ ከመቶ ተፈታኝ ዘጠናው ግማሹን አላገኘም። ጥቂቶቹ በሪሜዲያል በኩል ዩኒቨርሲቲ ይገባሉ። የቀሩትስ? በአማራ ክልል ደግሞ በግጭቱ ምክንያት ጨርሶ ለፈተና ያልተቀመጡ፣ ዓመት ያለፋቸው፣ ሁለት ዓመት ያለፋቸው ልጆች አሉ። ይህንን የምታነቡት አንዳንዶቻችሁ ከእነሱ መካከል ናችሁ። ለእናንተ «ቴክኒክ» ትርፍ አማራጭ መሆኑ ቀርቶ ዋናው መንገድ ሆኗል።

ያም ሆኖ አፋችን አልተለወጠም። ልጁ ቡና ላይ ተቀምጧል፤ ጎረቤት «ምን ደረሰህ ልጄ?» ትለዋለች። «ቴክኒክ ገባሁ» ይላል። «አይ… አይዞህ፣ ምን ይደረጋል» ትለዋለች። በቃ። ልጁ ኮሌጁ ግቢ ሳይገባ ሐዘን ተደረሰው።

ይህ አመለካከት የቆየ ነው። አፄ ምኒልክ ባለሙያን በሙያው የሚሰድብ እንዲቀጣ አዋጅ ያስነገሩት በ1900 ዓ.ም. ነው። ቀጥቃጭ፣ ሸማኔ፣ ፋቂ፣ ሸክላ ሠሪ እየተባለ ሰው በእጁ ሥራ ይናቅ ነበር። ማረሻውን ከቀጥቃጩ ገዝቶ፣ በሸክላ ሠሪዋ ድስት በልቶ፣ የሸማኔውን ኩታ ለብሶ ባለሙያውን የሚሰድብ አገር ነበር። ከ110 ዓመት በላይ አለፈው። ዛሬ በግልጽ «ቀጥቃጭ» ብሎ የሚሳደብ ቀንሷል፤ «ምን ይደረጋል» ግን አለ። (ደግሞ ይህንኑ የምትለው እናት ቧንቧዋ ሲፈስ ወይም ምጣዷ ሲቃጠል ባለሙያ ፍለጋ ሦስት ቀን ትንከራተታለች።)

በጎጃም ግን «ፖሊ» የሚለው ቃል አንድ ዘመን የኩራት ስም ነበር። የባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክ ኢንስቲትዩት በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት ትብብር ተቋቁሞ ወጣቶችን በብረታ ብረት፣ በጨርቃ ጨርቅ፣ በኤሌክትሪክ፣ በእንጨት ሥራ፣ በእርሻ መሣሪያዎችና በኢንዱስትሪ ኬሚስትሪ ያሠለጥን ነበር። ኋላ ከመምህራን ኮሌጁ ጋር ተዋሕዶ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሆነ፤ ግቢው ግን እስከ ዛሬ «ፖሊ» ነው የሚባለው። ያኔ ፖሊ የገባ ልጅ አይዞህ አልተባለም። አንዱ ምክንያት ከፊት ለፊቱ ሥራ ይታይ ስለነበር ነው፤ ባሕር ዳር ላይ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው በዚያው ዘመን ተተክሎ ነበርና። ክብሩ የመጣው በምክር ወይም በፖስተር አልነበረም፤ ሥራው ስለታየ ነው።

አሁን ወደዚያ ስላይድ እንመለስ። «የሠለጠኑ» የሚለው ዓምድ ውስጥ ማን ማን አለ? ብረታ ብረት ላይ ደረጃ አራት ድረስ የተማረ ልጅ አለ። በዚያው ድምር ውስጥ ደግሞ ወደ አረብ አገር ለመሄድ የጥቂት ሳምንታት ሥልጠና የወሰደች ልጅ ልትኖር ትችላለች። አዋጅ ቁጥር 923/2008 ወደ ውጭ አገር ለሥራ የሚሄድ ሰው የሙያ ብቃት ማረጋገጫ እንዲይዝ ከደነገገ ወዲህ ይህ ሥልጠና የኮሌጆች ሥራ ሆኗል። ሥልጠናው አይናቅም፤ ከምድጃውና ከማጠቢያ ማሽኑ ጋር ሳትተዋወቅ፣ መብቷን ሳታውቅ የምትሄድ ልጅ ምን እንደሚገጥማት ሰምተናል። ግን ሁለቱን በአንድ ቁጥር ደምሮ «ሠለጠኑ» ማለት ለሞጣ ምንም አይነግራትም። አንዱ ከተማው ውስጥ ሱቅ ሊከፍት የተዘጋጀ ነው። ሌላዋ ከተማውን ልትለቅ ነው። ለየብቻ ይጻፉልን።

«የበቁ» የሚለው ዓምድ የተሻለ ነው። የሙያ ብቃት ምዘና፣ ሁላችሁም «ሲኦሲ» የምትሉት ማለት ነው፣ ወረቀት ላይ ከመመለስ ባሻገር ሥራውን በእጅ ሠርቶ ማሳየትን ይጠይቃል። ውጤቱም ወይ በቅተሃል ወይ ገና አልበቃህም ነው፤ ሲ ፕላስ የሚባል ነገር የለም። ይህን ዓምድ እናከብረዋለን። አንድ ጥያቄ ብቻ አለን፦ ልጁ የተመዘነበት ማሽን ከግቢው ውጭ ከተማው ውስጥ አለ ወይ? ከሌለ ምዘናው ሌላ ከተማ እንዲሄድ የተሰጠው ትኬት ነው።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበን ግን «የተሸጋገረ ቴክኖሎጂ» የሚለው ነው። በየዓመቱ ኮሌጆች የክህሎት፣ የቴክኖሎጂና የተግባራዊ ጥናት ውድድር ያደርጋሉ፤ ከኮሌጅ ወደ ክላስተር፣ ወደ ክልል፣ ወደ አገር አቀፍ እየተባለ ይወጣል። ሠልጣኞችና አሠልጣኞች መውቂያ፣ መፈልፈያ፣ የመስኖ ፓምፕ፣ የዶሮ መፈልፈያ፣ ቆጣቢ ምድጃ ሠርተው ያቀርባሉ። ደስ የሚል ነገር ነው። እዚያ አዳራሽ ውስጥ የሚቆም ልጅ ዓይኑ ሲበራ ማየት የሚሰጠው ደስታ አለ፤ አንክደውም። ግን ከውድድሩ በኋላ ያ መውቂያ የት ይሄዳል? ብዙ ጊዜ መልሱ «ወርክሾፑ ጥግ» ነው። ሪባን ተቆረጠለት፣ ሜዳሊያ ተሰጠው፣ ከዚያ ዝገት በላው።

ጤፍ መውቂያን እንመልከት፤ ለሞጣና ለቢቸና ከሱ የቀረበ ምሳሌ የለም። ገበሬው በአውድማው ላይ በሬዎቹን እያዞረ ያበራያል፣ በመንሽ ይገለብጣል፣ ነፋስ ሲመጣ በላይዳ እያነሳ ያዘራል። ቀናት ይፈጃል፣ ከአፈር ይቀላቀላል፣ ፍሬውም ይባክናል። «ታዲያ ማሽን ይሠራለት» ማለት ቀላል ነው። ችግሩ ጤፍ ጤፍ መሆኑ ነው። አንድ ሺህ የስንዴ ፍሬ ከ30 ግራም በላይ ይመዝናል፤ አንድ ሺህ የጤፍ ፍሬ ግን ግማሽ ግራም አይሞላም። ለስንዴ የተሠራ መውቂያ ንፋስ መስጫው ለጤፍ ሲውል ፍሬውን ከገለባው ጋር አብሮ ያበረዋል። ንፋሱን ስትቀንሱት ደግሞ ገለባው አይወጣም። ወንፊቱ ሰፋ ካለ ቆሻሻው ያልፋል፣ ጠበብ ካለ ይደፈናል። ገለባው እርጥብ ከሆነ ሌላ ጣጣ ነው። ጭዱ ደግሞ ከብት ይበላዋል፣ ለቤት ልስን ጭቃ ይገባል፤ ስለዚህ ማሽኑ አድቅቆ ከበተነው ገበሬው ይቀየማል።

ይህን ሁሉ ልጁ ወርክሾፕ ውስጥ ሊያውቀው አይችልም። የሚያውቀው ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ አውድማ ወርዶ፣ ማሽኑ ሲደፈን እያየ፣ ገበሬው ሲስቅበት እየሰማ፣ ተመልሶ የንፋስ መስጫውን ቅጠል እያስተካከለ ነው። አንድ ዓመት አይበቃውም። ሁለተኛው ዓመት ላይ ሌላ ባች ተረክቦ ካልቀጠለው ነገሩ ይሞታል። ኮሌጁ ግን በየዓመቱ «አዲስ» ቴክኖሎጂ እንዲያቀርብ ከተጠበቀ ያምናውን መውቂያ የሚያሻሽል ማን ነው? አዲስ ነገር ነጥብ ያስገኛል፤ ያለውን ማስተካከል ግን ዜና አይሆንም። በእኛ አመለካከት አንድ ኮሌጅ አምስት ዓመት ሙሉ አንድ መውቂያ ላይ ተጠምዶ በአምስተኛው ዓመት ሦስት የገበሬዎች ማኅበራት በገንዘባቸው ቢገዙት፣ አምስት ዓመት ሙሉ በየዓመቱ አሥር አሥር ሞዴል ካሳየ ኮሌጅ ይበልጣል። «ተሸጋገረ» የሚለው ቃል ትርጉሙ «አንድ ሰው ከፍሎ ወሰደው» መሆን አለበት።

ወደ አጋርነቱ እንለፍ። «ከማኅበረሰቡ ጋር ትስስር» ሲባል ብዙ ጊዜ የምናየው የመግባቢያ ሰነድ ሲፈረም ነው። ሁለት ሰዎች ተጨባብጠው ካሜራ ያያሉ። እኛ ግን ሞጣ ውስጥ ያለውን ትስስር ፈልጉ ብንባል የምንሄደው ጋራዥ ነው። በሥልጠና ሥርዓቱ መሠረት 70 በመቶው ተግባር፣ 30 በመቶው ንድፈ ሐሳብ መሆን አለበት፤ ከዚህ ውስጥ ትልቁ ድርሻ «የትብብር ሥልጠና» በሚባለው፣ ሠልጣኙ እውነተኛ የሥራ ቦታ ላይ ውሎ በሚማርበት ይሸፈናል ተብሎ ነው የታሰበው። ሐሳቡ በከፊል ከጀርመን ነው የመጣው። እዚያ ከ300 በሚበልጡ ሙያዎች ወጣቱ የሳምንቱን አብዛኛውን ቀን ድርጅት ውስጥ፣ ቀሪውን ትምህርት ቤት ያሳልፋል። ዋናው ነገር ግን ከድርጅቱ ጋር ውል ፈርሞ በየወሩ ክፍያ ያገኛል፤ ድርጅቱም ነገ የራሱ ሠራተኛ እንደሚሆን አስቦ ያስተምረዋል።

የሞጣው ጋራዥ ባለቤት ምን አስቦ ያስተምር? እስኪ በእሱ ቦታ ሆነን እንየው። አንድ ቶርኖ አለው፤ የገዛው በብድር ነው። ኮሌጁ አራት ልጆች በደብዳቤ ልኮበታል። ልጆቹ ኤሌክትሮድ ያባክኑበታል፤ አንዱ እጁን ቢቆረጥ ማን ያሳክመዋል? ከሦስት ወር በኋላ ይሄዳሉ። መጨረሻ ላይ የግምገማ ቅጽ ይመጣለታል፤ ይፈርማል። ልጆቹን መጥረጊያ አስይዞ ቢያዋላቸው ይገርማል? አይገርምም። አሠልጣኙ መጥቶ ካላያቸው፣ ባለቤቱ የሚያገኘው ነገር ከሌለ፣ ትብብሩ ደብዳቤ ሆኖ ይቀራል። ኮሌጁ በበኩሉ ሊሰጠው የሚችለው ነገር አለ። ባለ ጋራዡ የሌለውን ማሽን ቅዳሜ ቅዳሜ እንዲጠቀም መፍቀድ፣ የእሱን ሠራተኞች በነፃ አስመዝኖ ሰርተፍኬት እንዲይዙ ማድረግ፣ የሒሳብ አያያዝ ማስተማር። ለጥቃቅንና አነስተኛ ድርጅቶች ድጋፍ መስጠት የኮሌጆች ሥራ መሆኑ ተጽፎ ያለ ነገር ነው። ከልምምድ ቦታው ጋር ቢያያዝ ባለ ጋራዡ ልጆቹን በደስታ ይቀበላል ብለን እናምናለን።

አንድ ትንሽ ነገር ደግሞ አለች፤ ትንሽ ስለሆነች ማንም ሪፖርት ላይ አይጽፋትም። ልጁ ኮሌጅ ውስጥ የሚማርበት ሞጁል በእንግሊዝኛ ነው። «ቤሪንግ» ብሎ ተምሯል። ጋራዥ በገባ በመጀመሪያው ቀን ዋናው መካኒክ «ኩሽኔታውን አቀብለኝ» ይለዋል። ቆሞ ያያል። «ካቻቢቴ!» ይባላል። አሁንም ቆሞ ያያል። ቺንጋ፣ ሞርሳ፣ ትራፓኖ፣ ላመራ፣ ቦሎን… የጋራዡ ቋንቋ ከጣሊያን ዘመን ጀምሮ በአማርኛ ውስጥ የኖረ ነው። መካኒኩ «ይሄ ምን ተምሮ ነው?» ይላል፣ ልጁ ያፍራል፣ ሁለቱ አንድ ዓይነት ነገር እያወቁ ሳይተዋወቁ ይለያያሉ። ይህን ለማስተካከል በጀት አያስፈልግም። አንድ አሠልጣኝና አንድ አንጋፋ መካኒክ ተቀምጠው የሁለቱን ቋንቋ መዝገብ ሁለት ገጽ ላይ ቢያወጡት፣ ልጆቹ ደግሞ በቴሌግራም ቢቀባበሉት ይበቃል።

ስለ አጋርነት ከተነሳ የሞጣ አካባቢ ሰው የሚያውቀው አንድ ታሪክ አለ። ከሞጣ ወደ ዓባይ ሸለቆ ሲወረድ ሰባራ ድልድይ ይገኛል። በአፄ ፋሲል ዘመን፣ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በድንጋይና በኖራ የተሠራ፣ ጎጃምን ከቤጌምድር የሚያገናኝ ድልድይ ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን አንዱ ክፍሉ ተሰበረ፤ ስሙም ያንን ይዞ ቀረ። የተሰበረው ስፋት ወደ አሥር ሜትር ገደማ ነው። ከዚያ ወዲህ ለ60 ዓመት ያህል ሰው ወገቡን በገመድ እያሰረ፣ ከዚህና ከዚያ ማዶ በቆሙ ወንዶች ጉልበት እየተጎተተ ነበር የሚሻገረው፤ ወደ ገበያ፣ ወደ ዘመድ፣ ወደ ሐኪም ቤት። የዚህ አሻጋገር ፎቶ ናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ላይ ወጣ። በ2001 እ.ኤ.አ. ኬን ፍራንዝ የሚባል አሜሪካዊ የግንባታ ባለሙያ አየውና መጣ። የብረቱ ዕቃ በአህያ ጀርባና በሰው ትከሻ ገደሉን ወርዶ፣ የአካባቢው ሰው ተረድቶ፣ በ2002 እ.ኤ.አ. ክፍተቱ በብረት ተሸፈነ። በዚህ ሥራ የተወለደው ድርጅት ኋላ በብዙ አገሮች የእግረኛ ድልድይ የሚሠራ ሆነ። ታሪኩ ግን እዚያ አላበቃም፤ በ2005 እ.ኤ.አ. የክረምት ጎርፍ የብረቱን ክፍል ጠርጎ ወሰደው። በ2009 እ.ኤ.አ. ከፍ ብሎ በኬብል የተንጠለጠለ አዲስ የእግረኛ ድልድይ ተሠራ።

ብዙ ጊዜ ይህ ታሪክ የሚነገረው «ፎቶ አይቶ ከአሜሪካ መጣ» ተብሎ ነው፤ ለቲክቶክም ይመቻል። እኛን የሚያሳስበን 60 ዓመቱ ነው። አሥር ሜትር ነው፤ ያውም ምሰሶው ቆሞ ያለ። የጎደለው ብረት መለካት፣ መቁረጥ፣ መበየድ፣ ማሰር የሚችል የተደራጀ እጅና ወጪውን የሚሸፍን አካል ነበር። ገመድ የሚጎትት ጉልበትማ በየቀኑ ነበረ። ዛሬ ሞጣ ያኔ ያልነበራት ነገር አላት፤ ብየዳና ግንባታ የሚማሩ ልጆች ያሉበት ኮሌጅ። ታዲያ የተንጠለጠለ ድልድይ ኬብሉ መታየት፣ መቆንጠጫው መጥበቅ፣ የመርገጫው ጣውላ መቀየር አለበት። የወረዳው የእግረኛ ድልድዮች፣ የገጠር ውኃ ቦኖዎች፣ የጤና ጣቢያው ጄኔሬተር፣ የትምህርት ቤቶች ዴስክ በዓመት አንድ ጊዜ በኮሌጁ ሠልጣኞች በአሠልጣኝ መሪነት ቢፈተሹ፣ ይህ ከመግባቢያ ሰነድ ሁሉ የበለጠ አጋርነት ይሆናል። ለልጆቹም የተግባር ሥልጠና ነው፤ ለወረዳውም የቁጠባ ነገር። ሌሎች ኮሌጆች ለትምህርት ቤቶች ዴስክ እየሠሩ ሲያስረክቡ በዜና ዓይተናል፤ መልካም ጅምር ነው። ጥገና ግን ከዴስክ ያነሰ ፎቶ ያወጣል፤ ምናልባት ለዚህ ነው የሚረሳው።

አሁን ደግሞ ሁላችንም እያወቅን የምናልፈው ነገር። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ምሥራቅ ጎጃም ሰላም አላደረበትም። መንገድ ይዘጋል፣ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ሞባይል ኢንተርኔት በክልሉ ለብዙ ወራት ጠፍቶ ነበር። ይህን ጽሑፍ በስልክ የምታነቡ ልጆች ያኔ ምን እንደነበረ ከእኛ በላይ ታውቁታላችሁ። እንዲህ ባለ ሁኔታ የኮሌጅ ዓመት «ዕቅድ፣ ክንውን፣ በመቶኛ» ተብሎ ሲቀርብ አንድ ነገር ይጎድለዋል። ኤሌክትሮድ ከባሕር ዳር ሳይደርስ ሲቀር ብየዳ የሚማር ልጅ ምን ሲሠራ ዋለ? የአርባ ሰው ክፍል ስንት ሰው ይዞ ጨረሰ? አቋርጠው የሄዱት ወዴት ሄዱ? ያቋረጡትን መቁጠር ኮሌጁን ማሳጣት አይደለም። እንዲያውም በዚህ ሁሉ መሐል ወርክሾፑን ከፍቶ፣ ልጅ ተቀብሎ፣ አስመዝኖ ያስመረቀ አሠልጣኝ ምስጋና ይገባዋል፤ እውነተኛው ቁጥር ሲቀርብ ነው የሠራው ሥራ ልክ የሚታየው። የ95 በመቶ ክንውን ሪፖርት የእሱን ድካም ይሸፍንበታል። በሰላሙ ጊዜና በጦርነቱ ጊዜ ያለው ሪፖርት አንድ ዓይነት ከሆነ፣ አንዱን የሚያምን ሰው አይገኝም።

የምንጠይቀው ብዙ አይደለም፤ የሚጠይቀውም ገንዘብ የአየር ሰዓት ነው። ኮሌጁ ያስመረቃቸውን ልጆች ስልክ ይዞታል። በስድስተኛው ወርና በአሥራ ሁለተኛው ወር ይደወልላቸው። ሥራ አለህ? በተማርክበት ነው ወይስ ባጃጅ ትነዳለህ? ባጃጅ መንዳት ነውር ሆኖ ሳይሆን፣ የኤሌክትሪክ ሥልጠናው ለምን እንዳልጠቀመው ማወቅ ስላለብን ነው። ማሽን አጥተህ ነው፣ ብድር አጥተህ ነው፣ ዋስ አጥተህ ነው? ከተማው ውስጥ ነህ ወይስ ሱዳን ድንበር፣ ወይስ ጅዳ? ስልኩ የማይነሳው ስንቱ ነው? ማሽን ላጣው የካፒታል ዕቃ ሊዝ የሚባል ነገር አለ፤ በክልሉ ዋልያ የካፒታል ዕቃ ፋይናንስ ለዚሁ የተቋቋመ ነው፤ ግን ሊዝ የሚባል ነገር መኖሩን ሰምቶ የማያውቅ ተመራቂ ካለ ስልኩ ያን ጊዜ ይነግረናል። የተገኘው መልስ ከመልካሙም ከመጥፎውም ጋር በሰኔው ስብሰባ ይነበብ። ከተማ አስተዳደሩ፣ ባለ ጋራዡ፣ የገበሬዎች ማኅበሩ፣ ወላጆች ባሉበት ቢነበብ ደግሞ ለሚቀጥለው ዓመት የትኛው ሙያ ይከፈት፣ የትኛው ይቅር የሚለው ውይይት ከዚያው ይነሳል። የሰፈር ልጅ ሁሉ አይሲቲ ተምሮ አንድ ኮምፒውተር ጥገና ቤት ብቻ ያለበት ከተማ ውስጥ ሌላ አርባ አይሲቲ መመዝገብ ምን ይሉታል?

እናንተም እስከ ሰኔ መጠበቅ የለባችሁም። የምዝገባ ማስታወቂያ ሲወጣ፣ ሞጣም ሁን ቢቸና ወይም ሌላ ቦታ፣ ፎርም ከመሙላትህ በፊት ወርክሾፑን አሳዩኝ በል። ማሽኑ እየሠራ ነው ወይስ ጨርቅ ለብሷል? ባለፈው ዓመት ከዚህ ዲፓርትመንት የተመረቁ ሦስት ልጆች ስልክ ስጡኝ በል። አንቺም ብየዳ ልመዝገብ ስትዪ «ለሴት ይከብዳል፣ ፀጉር ሥራ ይሻላል» ካሉሽ፣ ከዚህ በፊት ብየዳ ተምራ የጨረሰች ልጅ ካለች አገናኙኝ በያቸው። ከዚያ ለእነዚያ ልጆች ራሳችሁ ደውሉላቸው። ኮሌጁ ካልደወለላቸው የመጀመሪያዎቹ ደዋዮች እናንተ ትሆናላችሁ።